ቡችላዬና የጋሽ እንድሪስ ሽርጥ

የወጣሁበት ቀን ዋዜማ ማታ እናቴ ሁለት ስንቅ ቋጠረች፤ ለእኔ ዳቦ ቆሎ፣ ለቡችላው ቂጣ። ቡችላው መከታ ይባላል፤ ጡት ከተወ ገና ቅርቡ ነበር። ጅቡቲ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሰይድ በስልክ፣ «አሠሪው፣ ፓትሮኑ፣ ውሻ የሌለው ዘበኛ አይቀጥርም፤ የአምባሰል ውሻ ይዘህ ና» ብሎኛል። እና «ሥራ ሊፈልግ ሄደ» ያላችሁ ሰዎች ተሳስታችኋል፤ ሥራዬን በዘንቢል ይዤ ነው የወጣሁት።

ጎህ ሲቀድ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። ጉሙ ከሐይቁ ውሃ ላይ ገና አልተነሳም፣ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ መከታን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት። ያንን ብርድ አሁን በህልሜ ነው የማገኘው። በሚኒባስ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፤ እዚያ ሰይድ ያነጋገራቸው የተሳቢ ሹፌር፣ ጋሽ እንድሪስ፣ ይጠብቁኝ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ዘንቢሉን እያዩ።

«ቡችላ ነው፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«ያ አላህ! ሰይድ ሰው ነው ያለኝ።»

ጋሽ እንድሪስ መንገድ ላይም ሶላት አያሳልፉም። ደረቅ ውሻ ቢነካቸው ግድ የላቸውም፤ እርጥቡ ከነካቸው ግን የነካውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ አለባቸው።

«አፉን ወዳንተ አዙረህ ያዝ። ጠብታ ካየሁ ሁለታችሁም ወራጆች ናችሁ» አሉና ተነሳን።

ባቲን እስክናልፍ ደህና ነበርን። ከሚሌ በኋላ ግን ሙቀቱን በምን ልንገራችሁ፤ የእኛ የሚያዝያ ቀትር እዚያ ጥላ ነው። መከታ ምላሱን አውጥቶ ማለክለክ ጀመረ። እግሬ ሥር ውሃ የሞላ ሃይላንድ አለ። ባጠጣው ይረጫል፤ ከረጨ በረሃ ላይ መውረዳችን ነው። ባላጠጣው ይሞታል፤ ከሞተ ጅቡቲ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ክዳኑን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ። አንገቱ ወደ ጎን ሲወድቅ እንባዬ መጣ።

ጋሽ እንድሪስ መኪናውን ዳር አስያዙ። «ውረድ» አሉኝ።

አበቃልን ብዬ ወረድኩ። እሳቸው ግን ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ ጀሪካን አውርደው በተሳቢው ጥላ ሥር ቡችላው ላይ ያፈሱ ጀመር። መከታ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ አስነጠሰ። ከዚያ ተነስቶ ራሱን አራገፈና የጋሽ እንድሪስን ሽርጥ ከወገብ እስከ ታች አረጠበው።

ተያየን።

«የእናንተ ሰፈር ምስጋና እንዲህ ነው?» አሉ።

ሽርጥ ቀይረው፣ እግራቸውንም ያንንም ሽርጥ ያጥቡ ጀመር። እኔ አፈሳለሁ፣ እቆጥራለሁም።

«ሰባት!» አሉ።

«ስድስት ነው፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«አንተ ክርስቲያን አይደለህ እንዴ? ምን አስጨነቀህ!» ብለው ሳቁ፤ ሰባተኛውንም አጠቡ። ጀሪካኑ ባዶ ስለቀረ በውዱእ ፈንታ በአፈር ተየሙም አድርገው ሰገዱ። ስንነሳ፣ «አጠጣው እንግዲህ። ቅያሬ ጨርሻለሁ፤ ከደገመኝ ያንተን ሱሪ ነው የምለብሰው» አሉኝ።

ድንበሩ ላይ የኬላው ሰው ዘንቢሉን ገለጠ።

«ይሄ ምን ሊሠራ ነው የሚሄደው?»

«ጥበቃ።»

«አንተስ?»

«ከእሱ ጋር ነኝ።»

ጅቡቲ ስንደርስ ፓትሮኑ መከታን አንጠልጥሎ አየውና፣ «ውሻ አልኩ እንጂ አይጥ አላልኩም» አለ። እስኪያድግ ብሎ ግን ሁለታችንንም አስገባን። አሁን መከታ ትልቅ ነው። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሳ መቀመጥ አያስችለንም፤ አጥሩን እንዞራለን፣ መልሰን እንዞራለን። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ግን ዓሣው እንደ ሐይቅ ዓሣ አይጥመኝም፣ ውሃውም ከብት አይጠጣውም።

በቀደም አገሬ ደርሼ ልምጣ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ሂድ» አለ ፓትሮኑ። «ውሻው ግን የግቢው ነው። ያበላሁት እኔ ነኝ።»

«ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«አንተንም አብልቻለሁ። አንተን መች ያዝኩህ?»

ከዚያ ወዲህ ሻንጣዬን አሰናዳለሁ፣ መልሼ እዘረግፋለሁ።

ትናንት እናቴ ጋ ደወልኩ። «ለፋሲካ ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ። «መከታንም ይዘኸው ና፤ እናቱ አርጅታለች፣ ትየው።»

ሳልመልስላት መከታ በሩ ላይ በዚያ በወፍራም ድምፁ ጮኸ።

«ኧረ ምንድን ነው!» አለች ደንግጣ። «የማን ውሻ ነው?»

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አልኳት። ኔትወርኩ ግን ደህና ነበር።