በሁለት አለባ መካከል የሚታይ ባህር

ኤርኩላኖ ሲልቬራ ወደ ባህር የሚሄድበትን ቀን የሚያቅደው እራት ጠረጴዛ ላይ ነው። የጨው ዕቃው የላሞቹ ጋጣ ነው፤ የኮምጣጤው ጠርሙስ ተራራው ላይ ያለው መተላለፊያ ነው፤ የዳቦው ሳህን ደግሞ ባህር ዳር ያለው የግዛቱ ፓርክ። ሹካውን ይዞ ከጨው ወደ ዳቦ ይነዳል። ኮምጣጤው ጋ ከባድ መኪና ስለሚበዛ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ዳቦው ጋ ደርሶ ትንሽ ያርፍና ወዲያው ሹካውን አዙሮ መመለስ ይጀምራል። ሚስቱ ዴዎሊንዳ ይህን ትርኢት በየዓመቱ ታየዋለች። ሹካው ዳቦው ጋ የሚቆመው አንድ ሳንድዊች ለመብላት ያህል መሆኑንም ታውቃለች።

ምክንያቱ ላሞቹ ናቸው። የወተት ላም ጎህ ሳይቀድ ትታለባለች፤ ከሰዓት በኋላም አስር ሰዓት ላይ እንደገና ትታለባለች፤ ሰርግ ነው፣ ፋሲካ ነው ተብሎ አይዘለልም። ከአዞረስ ደሴቶች ፈልሰው ገስቲን በምትባለው የሸለቆ ከተማ ዙሪያ የሰፈሩት ሰዎች ሁሉ ኑሯቸው በሁለቱ አለባ መካከል ነው። ሌሎቹ ግን ሲቸግራቸው ጎረቤት ይለምናሉ። ኤርኩላኖ አይለምንም። ሌላ ሰው የማለቢያ ማሽኑን ቢገጥምላቸው የእሱ ላሞች ወተታቸውን ይከለክላሉ ብሎ ያምናል፤ ጉሮሮ አጠራረጉን ያውቁታል፣ የቦት ጫማውን ኮቴ ለይተው ያውቁታል ይላል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይህን ወሬ ሲጀምር ሰው ሁሉ ድንገት ጉዳይ ይኖረዋል።

በዚህ የተነሳ ደሴት ላይ ተወልዳ ያደገችው ዴዎሊንዳ ከተዳረች ጀምሮ ፀሐይ ባህር ውስጥ ስትገባ አይታ አታውቅም። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ እያለች ጃንጥላው ይታጠፋል፤ እሷም እግሯ ላይ ያለውን አሸዋ ሳታራግፍ መኪና ውስጥ ትገባለች።

ዘንድሮ ሹካው ኮምጣጤው ጋ ሲደርስ በእጇ ያዘችው።

"ይህ ሹካ ዘንድሮ አይመለስም" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ፀሐይዋ ስትጠልቅ ማየት እፈልጋለሁ። ከመጣህ አብረን እናያለን። ካልመጣህ የማኅበር ሴቶቹ አውቶቡስ ተከራይተዋል፣ ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ። አንተ ከሚስቶችህ ጋር ቅር።"

ሚስቶችህ የምትለው ላሞቹን ነው።

"ማን ሊያልባቸው?"

"አቬሊኖ።"

"አቬሊኖ? ያ ሰውዬ ሱሪውን እንኳ በቅጡ መታጠቅ አይችልም።"

"ሱሪ እንዲታጠቅ አይደለም የምንለምነው።"

ኤርኩላኖ አኮረፈ። እራቱን ፊቱን አዙሮ በላ። የፈራው ግን አውቶቡሱን ነበር። ዴዎሊንዳ አንዴ ያለ እሱ ከሄደች ሁለተኛ "አብረን እንሂድ" የምትለው አልመሰለውም። ኩርፊያው ሲሰለቸው ጎረቤቱን አቬሊኖን ጠራውና ጋጣው ውስጥ እያዞረ አስጠናው።

"ይቺ ኮስታራ ናት፣ ዓይን ዓይኗን አትያት። እዚያ ያለችው ደግሞ ትደነግጣለች፤ ከመጠጋትህ በፊት ጉሮሮህን ጥረግ።"

አቬሊኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንደዚያ አይደለም። ከታች፣ ከደረትህ አውጣው።"

"ወንድሜ፣ ላም ላልብ ነው ወይስ መዝሙር ላወጣ?"

ቢሆንም ደጋግሞ አስጠረገው። አቬሊኖ ጨዋ ሰው ነው፣ ሁሉንም እሺ አለ።

የጉዞው ቀን ሸለቆው ገና በጠዋቱ ይፋጅ ስለነበር ኤርኩላኖ ቁምጣ ለበሰ። በዕቅዱ ውስጥ ጃንጥላ፣ በረዶ፣ ቋሊማ፣ ጣፋጭ ዳቦ፣ ትርፍ ጎማ ሁሉ ነበረ። ጃኬት አልነበረም። እሱ የሚያቅደው በሸለቆው ሙቀት ላብ እያጠመቀው ስለሆነ በየዓመቱ ጃኬት ይረሳል፤ ባህሩም በየዓመቱ በጉምና በነፋስ ይቀበለዋል። ዘንድሮም ባህር ዳር ሲደርሱ ዴዎሊንዳ ወፍራም ሹራቧን አውጥታ ለበሰች። ኤርኩላኖ የምሳውን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ነጭ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ።

"በረደህ?"

"አልበረደኝም።"

"ጥርስህ ይንቀጫቀጫል።"

"እያኘኩ ነው።"

አስር ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይነግረው ከተቀመጠበት ተነሳ። እጁ የሚሠራው ነገር ጠፋው። አቬሊኖ ጋ ደወለ፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ።

"ኮስታራዋ ረግጣው ወድቋል" አለ።

"እያለበ ነዋ፣ በምን እጁ ያንሳው? ቁጭ በል።"

መቀመጥ አልቻለም። ከአሸዋው ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ አሸዋው ሲመላለስ አመሸ። "አሁን ብንነሳ ምን ይመስልሻል?" ባላት ቁጥር "መንገዱን ታውቀዋለህ" ትለዋለች፣ ዞር ብላም አታየውም።

ሊመሽ ሲል መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንዲት ወጣት የፓርኩ ጠባቂ ወደ እሱ መጣች።

"ጌታዬ፣ በሩ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቆለፋል። አሁን ዕቃዎን ቢሰበስቡ ጥሩ ነው።"

በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ኤርኩላኖ እስከዚያ ሰዓት ቆይቶ ስለማያውቅ አንብቦት አያውቅም። ደስታው ወሰን አጣ። ከእንግዲህ ውጡ የሚለው እሱ ሳይሆን ሕግ ነው፤ ሕግን ደግሞ ማንም ሚስት አታኮርፈውም። የምሥራቹን ሊነግራት የአሸዋውን ጉብታ እያለከለከ ወጣ።

እላይ ሲደርስ ቆመ። ጉሙ ከውሃው ላይ ተነስቶ ነበር፤ ፀሐይዋ ከሥሩ ቀልታ ብቅ ብላለች። ዴዎሊንዳ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆማለች። እየሳቀች ነበር። ለብቻዋ፣ ማንም ሳያስቃት። ኤርኩላኖ አፈረ። በየዓመቱ እጇን ይዞ እየጎተተ የወሰዳት ከዚህ እንደነበር ገና አሁን ገባው።

ድምፅ ሳያሰማ ተመለሰ። የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለው።

ጠባቂዋ መጣች። "ምን ሆነ?"

"አልነሳም አለኝ፣ ልጄ።"

"እስቲ ልየው።"

"ተይው፣ አሮጌ ነው። ከእኔ እጅ ሌላ አያውቅም።"

ልጅቷ የተነቀለውን ገመድ አየችው። የምሳ ጨርቅ የለበሰውን ሽማግሌና በብርድ የጠቆረ ጉልበቱን አየች። ወደ ውሃው ዳርም አየት አደረገች።

"የላይኛውን በር ዘግቼ ልምጣ" አለች። "እስከዚያ ይነሳል ብለው ያስባሉ?"

"ፀሐይዋ እንደጠለቀች ይነሳል" አለ ኤርኩላኖ፤ ምን እንዳለ የገባው ካለ በኋላ ነው።

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሄደች። እሱም ጫማውን አወለቀና ሚስቱ አጠገብ ገብቶ ቆመ። ውሃው በረዶ ነበር። ዴዎሊንዳ እጁ ላይ ያለውን ጥቁር ቅባት አየችና ያንኑ እጁን ያዘችው። ፀሐይዋ ቀስ እያለች ገባች።

ወደ ደረቁ ሲመለሱ ስልኩ ጮኸ። አቬሊኖ ነው።

"አለብካቸው?"

"አልቤ፣ ጋጣውን አጥቤ፣ እራቴንም በልቻለሁ።"

"ኮስታራዋስ?"

"እንደ በግ ቆመች።"

"ጉሮሮህን ጠረግህ?"

"ረሳሁት።"

ኤርኩላኖ ስልኩን ዘጋው። ለዴዎሊንዳ የፈለገውን ሊነግራት ይችል ነበር፤ አቬሊኖ ያለውን አልሰማችም።

"ታለቡ" አለ በመጨረሻ። "እኔ ሳልኖርም ይታለባሉ።"

"አውቃለሁ።"

"በምን ታውቂያለሽ?"

"የሐሞት ከረጢትህን ያወጡልህ ጊዜ ያለባቸው አቬሊኖ ነው።"

"አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔማ ጠዋት ማታ አልጋህ አጠገብ ነበርኩ። መቼ ሄጄ ላልብ?"

ይህን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም ነበር።

"ወተቱስ ቀነሰ?"

"አልቀነሰም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ? ይህን ብትነግሪኝ ኖሮ በየዓመቱ እስኪመሽ እንቆይ ነበር።"

ዴዎሊንዳ ጎንበስ ብላ ከእግሯ ላይ አሸዋውን በቀስታ አራገፈች።

"አልጋው ላይ ሆነህ፣ ቶሎ ልነሳ፣ ላሞቼ ከእኔ ሌላ አያውቁም ትል ነበር" አለች። "ምግብ የምትቀምሰው ይህን እያልክ ነበር። እሱን ከአፍህ ልቀማህ?"

ኤርኩላኖ ስልኩን አወጣና ደወለ።

"አቬሊኖ፣ የነገ ጠዋቱን አለባስ ትችላለህ?"

"እሱንማ" አለ አቬሊኖ፣ "ዴዎሊንዳ ባለፈው ሳምንት ነግራኛለች።"