አባቴ ሰማያዊ የቀባት የጦር መኪና

ባለፈው ክረምት ከባሕር ዳር መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልዬ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከሰል የጫነ አሮጌ የጭነት መኪና መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ሸራው በዝናብ ርሶ ነበር። የረጠበ ሸራ ሽታ ከናፍጣ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታው እጄ ሳላስበው የበረንዳውን ብረት ጨብጦ አልለቅ አለ። አጠገቤ የተጠለለች አንዲት ተማሪ «እማማ፣ አመመዎት?» አለችኝ። የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ፤ መኪና አስፈርቶኝ ነው ብዬ እንዴት ልመልስላት። «ብርዱ ነው፣ ልጄ» አልኋትና መኪናው እስኪሄድ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ።

አባቴ ታፈረ ሾፌር ነበር። ብዙ ዓመት የፋብሪካ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ «የራሴን መሪ ሳልይዝ አልሞትም» ይል ነበርና፣ በደርግ ዘመን ጦሩ ጠልቶ የጣላት አንዲት አሮጌ የጦር ካሚዮን ሐራጅ ስትወጣ ገዛት። ወደ ቤት ይዟት የመጣ ዕለት ከአጥራችን በላይ ብቅ ያለውን አረንጓዴ አናቷን አይታ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሰው ሚስቴን ደስ ላሰኝ ሲል ላም ይገዛል፤ አንተ ጦርነት ገዝተህ መጣህ?» አለችው። የሰው ደም ሳይኖርባት አይቀርም ብላም የንስሐ አባታችንን ጠርታ ጠበል አስረጨቻት። እሳቸው ደግሞ የያዙትን ሥራ በግማሽ የማይተዉ ሰው ነበሩና፣ ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን ሳይቀር አዳረሱት፤ ካሚዮኗ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ሙሉ አልነሣ አለች። አባቴ ከሥሯ ተኝቶ እየፈታ እየገጠመ፣ «ሰይጣኑ ሲወጣ ነፍሷንም ይዞ ወጣ» ይል ነበር።

አንዴ ከተነሣች ወዲያ ግን የማትገባበት የኑሯችን ቀዳዳ አልነበረም። በሳምንቱ መካከል አሸዋና አጠና ትጭናለች፤ በገበያ ቀን መራዊ ወርዳ በርበሬ ይዛ ትመለሳለች። ክረምት ሲሆን የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ነበረች፤ መረገጫዋ ከደረታችን ከፍ ስለሚል አባቴ በብብታችን ይዞ እንደ ጆንያ እየወረወረ ይጭነናል። የጋቢናዋ ወለል ተበስቶ ስለነበር በእግሮቼ መካከል መንገዱ እንደ ወንዝ ሲፈስ አይ ነበር፤ ጣሪያዋም ያፈስ ነበርና እናቴ ውስጧ የምትቀመጠው ጃንጥላ ዘርግታ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ይዟት ስትሄድ ሆስፒታል በር ሳትደርስ እላይዋ ወለደችና፣ በጦር መኪና ተወልዷልና ይገባዋል ተብሎ የሰፈሩ ሰው ልጁን ሻምበል ይለው ጀመር። ዛሬ ራሱን ሸብቶ መምህር ሆኖ እንኳ ሻምበል ነው የሚባለው።

ድምፅዋን ግን ማንም ምንም ሊያደርገው አልቻለም። ያን ጊዜ የጦር መኪና ድምፅ ሲሰማ ጎረምሳ ያለበት ቤት ሁሉ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። አፈሳ ይሉታል፤ ወታደሮች ሳይታሰብ ገበያውን ወይም መንደሩን ይከቡና ለውትድርና የደረሰ የመሰላቸውን ወንድ ልጅ እየለቀሙ ይጭናሉ። የተጫነው ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ ማንን ትጠይቅ? እኛ ልጆች ድብብቆሽ ስንጫወት እንኳ ፈላጊውን «አፋሽ» ነበር የምንለው፤ የተያዘው ልጅ ጨዋታ መሆኑን ረስቶ ከልቡ የሚያለቅስበት ጊዜም ነበር።

መኪናዋ በተገዛች ሰሞን አባቴ እናቴንና እኔን ይዞ ይፋግ ዘመድ ጥየቃ ሄደ። ገና መንደሩ ዳር ስንደርስ ሰው ሁሉ ተኖ ጠፋ። የተጣደ ድስት ብቻውን ይንተከተካል፤ አውድማው ላይ መንሽ ወድቆ ቀርቷል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ደጃፋቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ነበሩ። አባቴ እየሳቀ ወርዶ «እንደምን ዋሉ» ሲላቸው፣ ቀና ብለው ሳያዩት፣ «ልጅ የለኝም፣ ጌታዬ፤ የነበረኝን ወስዳችኋል» አሉት። የአባቴ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። መኪናዋን አዙሮ ወደ ቤት ነዳ።

በማግሥቱ ከጣና ወደብ የተረፈ የጀልባ ቀለም ለምኖ አመጣና መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሰማያዊ ቀባት። በሩን የቀባሁት እኔ ነኝ። ዝናብ በመታት ቁጥር ግን አረንጓዴው ከሥር እያበጠ ብቅ ይላል። ስለዚህ አባቴ ምልክት ጨመረባት፤ ሰው ካለበት ሲቃረብ ክላክሱን ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ይጫናል፤ እኔ ነኝ፣ አትፍሩ ማለቱ ነው። የመራዊ ሰው መጀመሪያ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሆኖ ያይ ነበር፤ ቆይቶ መደበቁን ተወ፤ ኋላማ «ሐይቂቱ» ብሎ ስም አወጣላትና ያች ድምፅ ስትሰማ ልጆች ወደ እሷ ይሮጡ ጀመር። በዚያ ዘመን ጎረምሳ እየሮጠ የሚቀበላት የጦር መኪና ከእሷ በቀር የነበረች አይመስለኝም።

ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ሽባባው ነበር። እናቱ እትየ የሻለም የአባቴ የበርበሬ ደንበኛ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአንድ ልጃቸው በቀር ሌላ የሌላቸው። ሽባባው ጆሮው ሰፊ፣ ክንዱ ረጅም፣ ጢሙ ገና ሊወጣ የሚያስብ ልጅ ነበር። እናቴ፣ አባቴ ጠጅ ቤት እንዳይቆይ ጠባቂ አድርጋ እኔን በየገበያው ቀን ትልከኝ ነበርና፣ ሽባባው መኪናዋ ሳትቆም መረገጫው ላይ ዘሎ ይወጣና «ጥሩዬን ስጡኝ» ብሎ ከጋቢናው አንሥቶ ያወርደኛል፤ ከዚያ ከኪሱ የተጠበሰ በቆሎ ያወጣል።

ያን ቀን መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነበር። ከባሕር ዳር መውጫ ኬላው ላይ አስቆሙን። ጺሙን ጥርት አድርጎ የተላጨ አንድ መቶ አለቃ ወደ አባቴ መስኮት ቀረበና፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ጓድ ታፈረ፣ ዛሬ ለእናት አገር ትሠራለህ» አለው። መሣሪያ የያዙ ወታደሮች ከኋላ እየወጡ ተጋደሙ፤ ሸራው ከላያቸው ተሳበና ታሰረ። ሌሊቱን ዘንቦበት ነበር፤ የርጥቡ ሸራ ሽታ ጋቢናው ድረስ ገባ።

«ልጅቱ ትውረድ፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ አባቴ።

«ለምን? የመራዊ ልጆች እሷንም ካንተ ጋር ነው የሚያውቋት» አለና በኔ በኩል ገብቶ ተቀመጠ። ለኔ ከረሜላ ሰጠኝ። ከረሜላውን ጨብጨው እጄ ውስጥ እስኪቀልጥ ያዝሁት።

ከባሕር ዳር መራዊ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለ። ከጀርባዬ ካለው ብረት ማዶ ሰው ሲያስል፣ ጠመንጃ ከብረት ጋር ሲጋጭ እሰማለሁ። ሽንቴ መጥቶብኝ ነበር፤ ለመናገር ፈራሁ። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት ይሁን እርግማን አልለየሁም።

ባሕር ዛፉ ሲታይ መቶ አለቃው፣ «እንደ ወትሮህ ክላክስህን ታሰማለህ፣ እንደ ወትሮህ ትቆማለህ፤ ሌላ ነገር የለም» አለ።

«እነዚህ ልጆች እኮ የሚመጡት እኔን አምነው ነው» አለ አባቴ።

«እኛስ ካንተ ጋር የመጣነው ለምን ይመስልሃል?»

ከዛፎቹ መሐል ልጆቹ ብቅ አሉ። ሽባባው ከፊት ነው፤ እየሳቀ ይሮጣል። አባቴ ክላክሱን ተጫነው፤ አልለቀቀውም። ያ ሁለት ጊዜ አጠር ብሎ ይሰማ የነበረው ድምፅ እንደሚታረድ በሬ ሳይቋረጥ ጮኸ። መቶ አለቃው በኔ ላይ ተንጠራርቶ በሽጉጡ እጀታ ክንዱን መታው፤ ደግሞ መታው። አባቴ በሌላው እጁ መሪውን ጠምዝዞ መኪናዋን የመንገዱ ቦይ ውስጥ ከተታት። ግንባሬ ከፊቴ ካለው ብረት ጋር ተላተመ።

ገበያው ተተራመሰ። ልጆቹ ወደ ኋላቸው ዞረው በባሕር ዛፉ ውስጥ ገቡ፤ ሴቶች እየጮሁ ከየመደቡ ተነሡ፤ የበርበሬ ጆንያ ሁሉ ተረጋግጦ አየሩ ቀይ ሆነ፤ ወታደሮቹ ከሸራው ሥር ዘለው ሲወርዱ ዓይናቸውን እያሹ፣ እያስነጠሱ፣ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ነበር። ብዙ ልጅ አመለጠ።

ሽባባው ግን አልሸሸም። ክላክሱ ሲጮህ፣ መኪናዋ ስትስት አየ፤ ፍሬን የበጠሰች መሰለው። ሌላው ሲሸሽ እሱ ወደ እኛ ሮጠ። በአባቴ በኩል መረገጫው ላይ ዘሎ ወጣና በሩን ከፈተ። «ጋሼ፣ ምን ሆንህ? ጥሩዬን ስጡኝ!» አለ፤ ሁለት ክንዶቹን ወደ እኔ ዘረጋ። መቶ አለቃውን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላው ሁለት ወታደሮች ሲይዙት ጣቶቹ ገና ቀሚሴን እንደ ያዙ ነበሩ።

ከሱ ጋር ሌሎች ጥቂት ልጆች ተያዙ። መኪናዋን ገፍተው ከቦዩ አወጧት። አባቴን መቶ አለቃው፣ «መንዳት ትወድ የለ? እንግዲህ እስኪበቃህ ትነዳለህ» አለው። እኔን መንገዱ ዳር አወረዱኝ። አባቴ አንገቱን አውጥቶ «እትየ የሻለም ዘንድ ሂጂ፣ ልጄ» ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ሐይቂቱ አባቴንና ሽባባውን ይዛ በመጣንበት መንገድ ሄደች።

እትየ የሻለም ዓይናቸው በበርበሬ ደም መስሎ፣ ልጃቸውን እየተጣሩ መጡ። «ጥሩዬ፣ ሽባባውን አየሽው?» አሉኝ። መንገዱን በጣቴ አሳየኋቸው። መሬት ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ግን ቀሚሴ መርጠቡን አዩና ተነሥተው ነጠላቸውን ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። በማግሥቱ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ድረስ ወስደው ለእናቴ ያስረከቡኝ እሳቸው ናቸው። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዘው ነበር፤ ማን ማንን እንደ ያዘ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ደጃፍ ላይ ለመኪናዋ ማቆሚያ የተደለደለው መሬት ሣር አበቀለ። ሌሊት ሌሊት ሞተር በሰማሁ ቁጥር ሁለት ነገር ባንድ ላይ ይይዘኝ ነበር፤ አባቴ መጣ የሚል ተስፋና ሊወስዱን መጡ የሚል ፍርሃት። እናቴ ደጅ ወጥታ ቆማ ታዳምጥና ተመልሳ ትገባለች።

ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ጦሩ ተበትኖ በየመንገዱ ውኃ እየለመነ ሲያልፍ፣ ከነዚያ እንደ አንዱ ሆኖ አባቴ መጣ። አንድ ጆሮው አይሰማም። ካሚዮኗ በሰሜን አንድ ዳገት ላይ ተቃጥላ ቀርታለች። እናቴ እግሩን ስታጥበው መጀመሪያ የጠየቃት፣ «ሽባባው ገብቷል?» ብሎ ነው። አልገባም ነበር። ማሠልጠኛው ላይ ለያይተዋቸው ከዚያ ወዲያ አላየውም።

መቆም እንደቻለ እኔን ይዞ መራዊ ሄደ። እትየ የሻለም በርበሬያቸው ፊት ተቀምጠው ነበር። አባቴ ሄዶ ፊታቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩት።

«ያን ቀን እህል በልቶ ነበር?» አሉት።

«ኬላው ላይ ዳቦ ሰጡን፣ ተካፍለን በላን» አለ አባቴ። «ጥሩዬ ብቻዋን ቀረች፣ ማን ያደርሳታል እያለ ሲጠይቀኝ ነበር።»

«እኔ አድርሻታለሁ» አሉ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ የሚሰማ ይመስል። ከዚያ ፈቀቅ ብለው አባቴን አስቀመጡት።

አባቴ ዳግመኛ መሪ አልጨበጠም። በገበያ ቀን በአውቶቡስ መራዊ እየወረደ የእትየ የሻለምን ጆንያ ሲያነሣና ሲያራግፍ ዕድሜውን ጨረሰ፤ እናቴም ጠባቂ መላክ ተወች። በመካከላቸው ይቅርታ መባባል ነበረ ወይ ብትሉኝ አልሰማሁም። እሳቸው መርዶ የነገራቸው የለምና ለልጃቸው ለቅሶ ተቀምጠው አያውቁም፤ ስሙን ሲያነሡም በሕይወት እንዳለ ሰው «ሽባባው ሽንብራ አይወድም»፣ «ሽባባው ብርድ አይችልም» ነበር የሚሉት።

አባቴ በሞተ ጊዜ በዘንግ እየተደገፉ ከመራዊ መጡ። ድንኳኑ መሐል ቆመው የአባቴን ስም እየጠሩ አለቀሱ። «ታፈረ ደግ ነበረ» አሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ልጄም ደግ ነበረ» አሉ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ተነሥቼ እጃቸውን ያዝሁ። ሽባባው ለእኛ የሞተው ያን ዕለት ነው።