ጣት የሚያነበው ብር

አክስቴ መተማ ገበያ የብር ጌጥ ሲሸጡ ኖረው ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። ሰው ደግነታቸውን ያነሳል፤ እኔ ግን ዛሬም እንደ ተናደድኩባቸው ነኝ።

የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት አሮጌ አምባር ሲመጣላቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊደሉን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱት ነበር። "ይሄ በእጅ የተቀረጸ ነው፤ ያኛው ግን ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሰ ነው" ይሉ ነበር። "እንዴት አወቁ?" ስላቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ዳብሺው፣ ጣትሽ ይነግርሻል።" የእኔ ጣት ምንም ነግሮኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት የሱዳኑን ጦርነት ሸሽታ ከድንበሩ ማዶ የመጣች፣ አማርኛ የምትችል የገላባት ሴት አሁን እኔ ወደምሸጥበት የአክስቴ ሱቅ ገባች። የእናቷን አምባር መንገድ ላይ ዘራፊዎች ወስደውባታል። እዚሁ አቅራቢያችን ኮኪት ገበያ የሚመስለውን አግኝታ ይዛው መጥታለች። የተጻፈበት "ቢስሚላህ" ነው፤ እሱ ደግሞ ስንት አምባር ላይ አለ።

"እናቴ አምባሯን ከአክስትሽ ነው የገዛችው፤ በእጅ የተቀረጸ ነበር። ይሄ የእናቴ መሆን አለመሆኑን ብቻ ንገሪኝ" አለችኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ደጋግሜ ዳበስኩት። አንዱ ፊደል ሹል፣ ሌላው ልሙጥ ሆነብኝ። ልሙጥ የሆነው ከማርጀት ይሁን ከአፈሳሰሱ ሊለይልኝ አልቻለም። "አዎ" ብላት ደስ ይላታል፤ አክስቴ ግን ያላወቁትን አውቃለሁ ብለው አያውቁም።

"ይቅርታ፣ አልለየሁትም" አልኳት።

አምባሩን ተቀብላኝ በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ቋጠረችው። "ታዲያ ማን ያውቃል? ገለጉ ከተማ ድረስም ቢሆን እሄዳለሁ" አለች።

እንደገና በአክስቴ ተናደድኩ፤ ጣታቸው የሚያውቀውን ይዘውት ሄደዋል። ወደ ማን ልላካት? ከገለጉም ከሽንፋም ሰው የሚላከው ወደ እኛ ሱቅ ነበር።