እጄ ብቻ የሚገባባት መኪና

ሥራ የጀመርኩት ጅጅጋ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ነው። ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ ወታደር ነበሩ፤ ጦሩ ሲበተን ቤት ገብተው ተቀመጡ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበርና አብሬያቸው መቀመጥ አልቻልኩም። የጋራዡ ባለቤት ሐጂ ዑመር ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ትምህርት እስከ ስንት?" አሉኝ። "አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ" አልኳቸው። "እሱን እርሳው። ቱታ ፈልግ" ብለው ለዋናው መካኒክ ለጋሽ ወርቁ አስረከቡኝ።

ጋሽ ወርቁ የዚያን ቀን አንድም ቁልፍ አላስያዙኝም። ረፋዱን ሙሉ ብሎን በቤንዚን ሳጥብ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ የቤንዚን ፒክአፕ አስነሡ፤ ኮፈኑን ከፈቱና ዓይኔን እንድጨፍን አዘዙኝ።

"ምን ትሰማለህ?"

"ሞተር።"

ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ። "ሞተር መሆኑን እኔም አውቃለሁ" አሉ። "እሳቱ ቀድሟል ወይስ ዘግይቷል ነው የምልህ።"

ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ፒስተን ወደ ላይ ሲወጣ ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እሳቱ ከዘገየ መኪናው ጉልበት ያጣል። በጣም ከቀደመ ደግሞ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲናጥ የሚሰማ ዓይነት ቀጭን ድምፅ ያወጣል። በዚያ ድምፅ ረጅም መንገድ የሄደ ሞተር ፒስተኑ ይበሳል። እኛ ይህን የምናስተካክለው ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪብዩተር የታሰረበትን ብሎን አላልተን፣ ዲስትሪብዩተሩን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ አዙረን፣ መልሰን በማጥበቅ ነው። ታይሚንግ ማሰር የምንለው ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ጋራዣችን የታይሚንግ መብራት አልነበረውም። ሁሉም በጆሮ ነበር።

አራት ዓመት ረዳት ሆኜ፣ ሰባት ዓመት ሁለተኛ መካኒክ ሆኜ ሠራሁ። ጋሽ ወርቁ ወገባቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሥራ ሲያቆሙ ዋና መካኒክ ሆንኩ። ከዋና መካኒክነት የሚገኘው ነገር ቢኖር ራስ ምታት ነው። ለበላሸው ሁሉ ተጠያቂው አንተ ነህ። ለተሠራው ግን የሚመሰገነው ጋራዡ ነው። ያም ሆኖ ታይሚንግ አሳሪ በመሆኔ ስም ነበረኝ። የደገሀቡር ሾፌሮች ሳይቀሩ "ግርማ ካላዳመጣት አልወስዳትም" ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሁለተኛ መካኒክ ሆኖ በእኔ ቦታ የገባው ማሕሙድ ነው። ሙያውን የለመደው ሐርተሼክ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ፣ የውሃ ቦቴዎችን ሲጠግን ነው። መጠለያው ሲዘጋ ወደ ጅጅጋ መጣ። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። ትልቅ ሰው ነው፤ መዳፉ የአካፋ ያህል ነው። ከቱታው ኪስ የአሥራ ሁለት ቁልፍ አይለየውም። "አንተ እጅህን ሳይሆን ቁልፉን ይዘህ ና" እያልን እናሾፍበት ነበር። እኔን "አዴር" ይለኛል፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። የመጀመሪያውን የታይሚንግ መብራት ያመጣውም እሱ ነው፤ ከጠረፏ ከተማ ከወጃሌ ገዝቶ። መብራቱ ከአንደኛው ካንዴላ ገመድ ጋር ይያያዛል፤ ብልጭ ባለ ቁጥር ሞተሩ ፊት በሚሽከረከረው ክብ ብረት፣ በፑሊው ላይ የተጫረው ምልክት የት እንዳለ ያሳያል።

"እሱ ለማይሰማ ሰው ነው" አልኩት። ሳቀና መብራቱን ሳጥን ውስጥ ከተተው።

ሃያ ዓመት ጀነሬተር፣ ብረት መሞረጃ ሞላ እና ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ የሌለው የጭነት መኪና መሐል ቆሜያለሁ። ቤት ስገባ ሚስቴ ቀስ ብላ የምታወራ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ ለምን ትጮህብኛለህ ትለኝ ነበር። በዚህ ስንት ጊዜ ተጣላን። የጅጅጋ ሰው ድምፁ ቀነሰ ብዬ አስቤም አውቃለሁ።

ቀይዋ መኪና የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የሾለ የስፖርት መኪና። ባለቤቷ ጉሌድ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሊያገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሙሽራዋ ያለችው ደገሀቡር ነው። "እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ በዚህች ነው የምገባው" አለኝ። ለዚህች ቀን ብሎ ሁለት ዓመት እንደደከመባት ሲያወራ ዓይኑ ላይ ያስታውቅ ነበር።

መኪናዋን ግን ከእኛ በፊት ያልነካካት ሰው የለም። መሪዋ በቀኝ ነበር፤ ወደ ግራ አዙረውታል። ሞተሯ ሞቶ የሚኒባስ ሞተር አስገብተውባታል። የሚኒባስ ሞተር በዚያ ጠባብ ሆድ ውስጥ አልበቃ ሲል ወደ ኋላ ገፍተውታል። ስለዚህ ዲስትሪብዩተሩ ከተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ የተዛወረው የመሪ ዘንግ ደግሞ በጎኑ ያልፋል። ፊት ያለው ፑሊ ሞተሩን ከተሸከመው ብረት ጋር ስለተፋጠጠ ምልክቱ አይታይም። መብራት ብታበራ የምታየው ብረቱን ነው። መኪናዋ ዳገት አትወጣም፣ ጠዋት አትነሣም። እሳቷ ዘግይቶ ነበር።

"አዴር፣ ሞተሩን ሁለት ጣት ወደ ፊት እናምጣው" አለ ማሕሙድ። "ምልክቱ ይታይና በመብራት እንሰረው።"

"ሰርጉ ሐሙስ ነው። ሞተር ስናወርድ ስንመልስ ይለፈው?"

"አንድ ቀን ነው የሚፈጀው።"

"እኔ ግማሽ ቀን በቂዬ ነው" አልኩት።

ባትሪውን ከነመቀመጫው አወጣሁ። የአንደኛውን ካንዴላ ፈትቼ ማሕሙድ ሞተሩን በእጁ ሲያዞር አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ ያዝኩ፤ አየሩ ጣቴን ሲገፋ ፒስተኑ እየመጣ መሆኑን አወቅሁ። ከዚያ ቀጭን ሽቦ ከትቼ ጫፉን ፈለግሁ። ዲስትሪብዩተሩ ወደ አንደኛው ካንዴላ እንዲያይ አድርጌ ገጠምኩ። የቀረው ብሎኑን ማጥበቅ ነው፤ ቀጥ ያለ ቁልፍ ግን አይደርስም። አንድ የአሥራ ሁለት ቁልፍ በእሳት አግለን ሁለት ቦታ አጠፍነው። ማሕሙድ ሊሞክር እጁን ሰደደ፤ አንጓው ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔ ቀጭን ነኝ። ገባሁ። ስወጣ የእጄ ጀርባ ቆዳ እዚያው ቀረ።

ሞተሩ ተነሣ። ዲስትሪብዩተሩን ቀስ እያልኩ አስቀደምኩት፤ ድምፁ ሲሞላ፣ ሞተሩ ሲፈጥን፣ እዚያ ላይ አሰርኩት። ጥሩ አድርጋ ትሠራ ነበር። ማሕሙድ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘነበለ።

"አዴር፣ ትንሽ ብንመልሰው?"

"ምን ሰማህ?"

"ምንም። ደገሀቡር ቆላ ነው፣ ሙቀት ነው። ቤንዚኑም የጄሪካን ነው፤ ጥራቱ አይታመንም። ለጥንቃቄ ብዬ ነው።"

"ማሕሙድ፣ ታይሚንግ ልታስተምረኝ ነው?"

መኪና ነድቶ መሞከር የእሱ ሥራ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ተናድጄ ስለነበር መሪውን እኔ ያዝኩ። በካራማራ ዳገት አወጣኋት። መስኮቱ ክፍት ነበር። እኔ የሰማሁት ንፋስና ሞተር ነው። ማሕሙድ ከጎኔ ተቀምጦ እጆቹን ያይ ነበር። ስንመለስ እንደገና "አንድ ቀን ትደር" አለኝ። "የመኪናዋን ቁልፍ ለጉሌድ ስጠው" አልኩት። ጉሌድ እናቱን አስቀምጦ፣ ከኋላ ሁለት አክስቶችና የስጦታ ሻንጣ ጭኖ፣ ጥሩምባ እየነፋ ሄደ።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። መኪናዋ ደገሀቡር ለመድረስ ትንሽ ሲቀራት ነጭ ጭስ አውጥታ ቆማለች። ሙሽራው እናቱን ፍየል የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ አስገብቶ፣ እሱ ከነሱፉ ከፍየሎቹ ጋር ቆሞ ሰርጉ ገባ። የሙሽራዋ ዘመዶች ስቀዋል። ጉሌድ ከሰርጉ በኋላ ጋራዡ መጥቶ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "እናቴ ከመኪናው ስትወርድ ሰው ሁሉ እያያት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች" አለ።

መኪናዋ ተጎትታ መጣች። በሦስተኛው የካንዴላ ቀዳዳ የእጅ ባትሪ ስናበራ ፒስተኑ ተበስቶ ይታያል። ሐጂ ዑመር ራሳቸው መጡ። ያን ጊዜ አርጅተው በከዘራ ነበር የሚሄዱት።

"ይህን ማን ነው ያሰረው?"

አፌን ከመክፈቴ በፊት ማሕሙድ "እኔ ነኝ" አለ።

ሐጂ ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሰው አዩ። ከዚያ የማሕሙድን እጅ አዩ። "እስቲ አስገባና አሳየኝ" አሉት።

ማሕሙድ እጁን ሰደደ። አንጓው ላይ ቆመ። ገፋው፤ ደም ወጣው፤ አልገባም። የጋራዡ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ አፍሬ አላውቅም።

"ተወው" አልኩት። "ሐጂ፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ማሕሙድ መልሰው ብሎኝ ነበር።"

ሐጂ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ማሕሙድን ጎማ ላይ አስቀመጥኩትና ለምን እንደዋሸ ጠየቅሁት።

"ዋላሂ አዴር፣ ጥፋቱ የእኔም ነው" አለ። "ሌላ ጊዜ እኔ እመልሰው ነበር።"

"ምኑን?"

"አንተ ያሰርከውን። ልሞክር ብዬ ስወስድ ካራማራ ሥር አቆምና በመብራት አይቼ እመልሰዋለሁ። ይቺን ግን እጄ አልገባ አለ።"

የአሥራ ሁለቱ ቁልፍ ከኪሱ የማይለየው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ዓመት ይሆናል። ከሽንሌዋ ፒክአፕ ጀምሮ።"

የሽንሌዋ ፒክአፕ! ሌሎች ጋራዦች ያቃተቻቸውን እኔ በጆሮዬ አስተካከልኳት እያልኩ በየሻይ ቤቱ ያወራሁባት መኪና። መጀመሪያ የተናደድኩት በእሱ ነው። ራሴን ለማየት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ልበልህ? ጆሮህ ሞቷል ልበልህ?"

"አዎ። እንደዚያ በለኝ።"

"አንተ ብትሆን ለጋሽ ወርቁ ትላቸው ነበር?"

አልልም ነበር። እኛ ዘንድ ታላቅን ሰው ፊት ለፊት ተሳስተሃል አይሉትም፤ ከኋላው ሄደው ያስተካክሉለታል። እኔም ለጋሽ ወርቁ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያላጠበቁትን ብሎን እየዞርኩ አጠብቅላቸው ነበር። እሳቸውም እስከ መጨረሻው አላወቁም።

የቀይዋን መኪና ሞተር አወረድነው። ማሕሙድ እንዳለው ሁለት ጣት ወደ ፊት አምጥተን፣ ፒስተን ቀይረን፣ የፑሊው ምልክት እንዲታይ አድርገን ገጠምነው። አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ማሕሙድ መብራቱን ያዘ፣ እኔ ዲስትሪብዩተሩን አዞርኩ። "መልስ፣ መልስ፣ ቁም" ይለኛል። እኔ ጥሩ ነው ብዬ የማስበው ቦታና ትክክለኛው ቦታ በጣም ይራራቁ ነበር። ጉሌድ መኪናዋን ተረከበ፤ አመሰገነን፤ ደግሞ አልመጣም።

ሐጂ ዋና መካኒክነቱን ለማሕሙድ ሰጡ። እኔ ከእሱ ሥር ስድስት ዓመት ሠርቼ ሥራ አቆምኩ። እስከ መጨረሻው አዴር ይለኝ ነበር፤ ስሳሳት ግን ፊት ለፊት ይነግረኝ ጀመር። ሁልጊዜ ያመኛል፤ ሁልጊዜ ግን ትክክል ነበር።

ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህን ያህል ነው። የመካኒክ ጆሮ ያልቃል፤ ማለቁን ባለቤቱ አይሰማውም። የፑሊው ምልክት ካልታየ እስኪታይ ድረስ ይፈታል እንጂ ታይሚንግ አይታሰርም። የአለቃችሁን ስሕተት ከኋላው ሄዳችሁ አታስተካክሉ፤ ለእሱው ንገሩት። እኔ ይህን የተማርኩት በአንዲት እናት ሀፍረት ነው።