በረንዳ የምንለው

አገር ቤት በረንዳ የዝናብ መጠለያ ነው፤ ቤት ያጣው ደግሞ በረንዳ አዳሪ ይባላል። ለቤት ሠራተኝነት ቤሩት ስደርስ ቃሉን እንደ አዲስ ተማርኩት። ማዳሜ ስትናደድ «ያላ፣ ባልኮን!» ብላ በብርድ ወደ በረንዳ ታስወጣኝና በሩን ትቆልፍብኛለች። እኛ ሐበሾቹ ይህን «በረንዳ በላች» እንለዋለን፣ ዱላ እንደ መብላት። ልብስ እያሰጣን ከማዶ የምናወራት ልጅ «በረንዳዬ» ትባላለች። ከፎቅ የወደቀችውን ደግሞ «በረንዳ ወሰዳት» ብለን እናልፋለን። ወደቀች ወይስ ተገፋች ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የእኔዋ በረንዳዬ የወሎ ልጅ ነበረች። አሽራፊዬ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከጠባቡ መንገድ ማዶ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ትሠራለች። አሠሪዋ በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባታለች። ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ትጠነቀቅ ነበር፤ ስሟን የምትወድ ሴትዮ ናት።

እንደ ፈረንጆቹ በ2019 መጨረሻ ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ተነሣ። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ በረንዳ ወጥቶ ለተቃውሞ ድስት ይቀጠቅጣል። ማዳሜም ድስትና ጭልፋ ሰጥታኝ «ምቺ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሆዴን ንዴት ሁሉ ድስቱ ላይ እወጣው ነበር።

አንድ ቀን እየመታሁ ወደ ማዶ ሳይ፣ ከመስታወቱ በር ጀርባ ሴትዮዋ የልጅቷን ፀጉር ይዛ እንጨቱን ታወርድባታለች። የልጅቷ አፍ ተከፍቷል፤ ድምፅ አይሰማም። ሴትዮዋ ለካ ድስቱ እስኪጀመር ትጠብቅ ኖሯል። ጩኸቷን የምናፍነው እኛው ነን።

ደሜ ፈላ። ድስቱን ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩት። መስታወቱ ተንኮታኩቶ ረገፈ። ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ የልጅቷ ጩኸትም ለሁሉም ተሰማ። ማንም ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ማዳሜ ፀጉሬን ጨመደደችኝ፤ እጇን ነክሼ አመለጥኩና ደረጃውን ወርጄ ወደ ማዶው ፎቅ ወጣሁ። በሩን በእርግጫ ስለው ልጅቷ ራሷ ከፈተችው፤ ቁልፉን ከሴትዮዋ ጋር ታግላ ነጥቃለች። ባዶ እግሯን ናት፣ ግንባሯ ይደማል። የአገሬ ልጆች ክፍል ተከራይተው ወደሚኖሩበት ወደ ናባዓ ልወስዳት እጇን ይዤ ወረድን።

መንገዱ መሐል ስንደርስ አንዱ ድስቱን እንደገና መታ። ሌላውም ተከተለው፤ ወዲያው ሰፈሩ በሙሉ ቀጠለ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እትዬ፣ ለእኛ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት።