በታላሶ ቦታ የተቀመጥኩበት ስልጠና

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት የሌዘር ሠልጣኝ ነበርኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ሳቁብኝ፤ እኔም ስቄያለሁ። ከሳቁ በኋላ የመጣውን ግን እስከ ትናንት ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

በሰፈራችን በማንያታ በሌዘር ጨረር ብረት የሚበይዱበት ቤት አለ። የጎረቤቴ የዳርሜ ልጅ ታላሶ እዚያ ትሠራ ነበር። ከናይሮቢ የጥንቃቄ አሠልጣኝ መጣ፤ እሱን የሚፈትን ሰውም አብሮት መጣ። አምስት ሠልጣኝ ካልሞላለት አሠልጣኙ ፈቃድ አያገኝም። ታላሶ ደግሞ ሶሎሎ ከተማ ሰርግ ሄዳለች። እኛ ሞያሌዎች በውሃ ወረፋ ለቀረ ሰው ቦታ እንይዝ የለ? እኔም ያዝኩላት።

"ሾሾ፣ አንቺም ትበይጃለሽ?" አለኝ አሠልጣኙ፤ በናይሮቢዎች አፍ አያቴ ማለቱ ነው።

"ታላሶ ነኛ! የሞያሌ ፀሐይ ነው ያስረጀኝ!"

ፈታኙን በጎን አየት አደረገና ወረቀቱን አቀረበልኝ። በታላሶ ስም ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። እኔ ነኝ። ማንም አልገፋኝም።

አልሰማሁም ብዬ ደግሞ አልዋሽም። ጨረሩ በዓይን አይታይም፣ የተለመደው ጥቁር የብየዳ መነጽር አያስቆመውም፣ የራሱ መነጽር አለው ሲል አሠልጣኙን ሰምቼዋለሁ። ታላሶ ስትመለስ ምን ነገርኳት? የሰውዬውን አረማመድ አስመስዬ አሳቅኳት። መነጽሩን አልነገርኳትም። ቀኑን ሙሉ የማያርፍ ምላሴን ያኔ ምን ዋጠው?

የምስክር ወረቀቱ በስሟ መጣ። እሷም በዚያው በጥቁሩ መነጽር በየደች። አሁን በቀኝ ዓይኗ ሰው ስታይ ፊቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ነው የሚታያት። ሐኪሙ ይመለሳል አላለም። የብየዳ ቤቱ ባለቤት "ሠልጥነሻል፣ ወረቀትሽ ይኸው፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው" ብሎ ለሕክምናዋ አልከፍልም አለ፤ ከሥራም አስወጣት። ታላሶ እኔን ላለማስያዝ ስልጠናው ላይ እንዳልነበረች አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር በቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ። ፖሊስ ይሆን? ከፖሊስ በላይ ግን የምፈራው ታላሶን ነው። "አኮ፣ አያቴ፣ እንዴት አደርሽ" ስትለኝ ፊቴን ለማግኘት አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። ያኛው ዓይኗም ቢከተልስ? እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እርጅናም አላዋቂነትም ምክንያት አይሆነኝም።

ትናንት ዳርሜ እግር ላይ ወድቄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልጮኸችም። ሻርፗን አነሳችና፦

"እኔ ቄስሽ አይደለሁም አኮ። ተነሺ፤ ለባለቤቱ ሄደሽ ንገሪው" አለችኝ።