በቤታችን ጥግ የተቆፈረው መሠረት

ባለፈው ሳምንት፣ ደሴ ከምኖርበት ቤት አጠገብ ፎቅ ሊሠራ ቁፋሮ ተጀመረ። ማሽኑ አጥሬን ታክኮ አፈሩን ሲዝቅ በረንዳዬ ላይ ሆኜ አየሁና፣ ሳላስበው «ኧረ ባንዴ አትቆፍሩት!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ አልሰማኝም። እኔን ግን የገዛ ድምፄ ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮረዳነቴ መለሰኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው በዚያ ዓመት ወገባቸውን ታመው አልጋ ይዘዋል። ቀበሌው ከቤታችን ጎን ባለው ባዶ ቦታ የኅብረት ሱቅ ሊያሠራ ወሰነ። ግንበኛው ሰይድ ይባላል፤ ከደጎሎ በኩል የመጣ፣ በአራት በአምስት ዓመት የሚበልጠኝ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ወጣት ነበር።

ለቁፋሮ የወጡትን ሰዎች ሰብስቦ መጀመሪያ የነገራቸው ስለ ቤታችን ነው። «ይህ ግድግዳ የድንጋይና የጭቃ ነው፤ መሠረቱ ከጉልበት አያልፍም። የእኛው ደግሞ ከሱ ይጠልቃል፤ ባንዴ ከተቆፈረ አፈሩ ከሥሩ ይንሸራተታል። በርዝመት ሁለት ክንድ ብቻ እንቆፍራለን፣ እሱን በድንጋይ እንገነባለን፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የምናልፍ» አላቸው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ክረምት ሳይገባ ጣሪያው እንዲመታ ቸኩለዋል። ሰይድ ድንጋይ ሊያመጣ በሄደበት ቀን ሰዉን አሰልፈው ጉድጓዱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጠዋት አስቆፈሩት። በዋዜማው የበልግ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ርሶ ነበር።

ተልባ እየወቀጥኩ ሳለ ከአባቴ ራስጌ አፈር ሲንሸራተት ሰማሁ። ቀና ስል ግድግዳው ተሰንጥቆ በስንጥቁ ብርሃን ገብቷል። እየጮህኩ ወጣሁ። ሰይድ ድንጋይ ከጫኑት አህዮች ጋር እየደረሰ ነበር፤ ዱላውን ጥሎ ዘሎ ቤት ገባ።

«ተወኝ ልጄ፣ አንተም ትቀበራለህ» አሉት አባቴ።

«አብሽሩ መሪጌታ፣ አብረን ነው የምንወጣ» አለና ከነጋቢያቸው ታቅፎ አወጣቸው።

ከዚያ ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሮ «አፈሩን መልሱት!» አለ። ሊቀ መንበሩ «የአብዮቱን ሥራ ልታደናቅፍ ነው?» ብለው ጮኹበት። ሰይድ አካፋ አንሥቶ ብቻውን ይሞላ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ተከተለው፣ ቀጥሎም ሁሉም። ሊቀ መንበሩ ቆመው አይተው ሄዱ።

ግድግዳውን በባሕር ዛፍ ግንድ ደገፈው። ስንጥቁ ላይ ጭቃ ለጠፈና «ይህ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው ማለት ነው። ጠዋት ማታ ተመልከቺልኝ» አለኝ። አባቴ ጎረቤት ሰነበቱ፤ እኔ ጭቃውን ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ሁልጊዜ ጠዋት «እንዴት አደረ?» ይለኛል። «ደህና አድሯል» እለዋለሁ። የምናወራው ስለ ግድግዳው ነበር። ወሩ ሁዳዴ መሆኑ በጀን፤ ሥጋ ስለሌለ ሰይድ ከእኛ ጋር ይበላ ነበር። ትኩስ የገብስ ቂጣ በተልባ ሲያጠቅስ እጁ ላይ የደረቀው ጭቃ ዛሬም ይታየኛል። ሥራው ሁለት ክንድ፣ ደግሞ ሁለት ክንድ እያለ ሲገፋ፣ እንዳያልቅ በልቤ እመኝ ነበር።

አለቀ። ጭቃውም ሳይሰነጠቅ አባቴ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሰይድ ሊሰናበት መጣ፤ መረቁት። እስከ በሩ ሸኘሁት።

«አጅባር ሥራ አግኝቻለሁ» አለኝ። «ቆይ የሚለኝ ካለ ግን እዚሁም እቆያለሁ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እሱ እስላም ነው፤ እኔ የመሪጌታ ልጅ። «በሰላም ግባ» አልኩት።

በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና እንደተወሰደ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

አባቴ በዚያው ቤት ብዙ ዓመት ኖረው በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። እኔም ደሴ አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ከደግ ሰው ጋር ኖሬያለሁ፤ አላማርርም። ነገር ግን በልግ ሲዘንብና የራሰ አፈር ሲሸተኝ፣ ሰይድ የስድሳ ዓመት ሽማግሌም ሆኖ የትም ቦታ በሕይወት እንዲኖር እለምናለሁ። እንዲመለስልኝ አይደለም። ያን ቀን «ቆይ» ያላልኩት ሳልወደው ቀርቼ እንዳልሆነ ብቻ እንዲያውቅልኝ ነው።